የቆመውን ቤት ማደስ ይሻላል ወይስ አፍርሶ መሥራት?

ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ጠፈርና ስለ ኮምፒዩተር ሲመርጡ እኔ ስለ ጭቃ ቤት እጽፋለሁ ማለቴ ጥቂቶችን አስቋቸዋል። ነገሩ ግን ለእኛ ቤተ ሰብ የሚያስቅ አይደለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ክርክር ይዘናል፤ ይኸውም ወንድ አያቴ በሕይወት ሳሉ ያሠሩት ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ ወይስ ባለበት ይታደስ የሚል ነው። አባቴ ይፍረስ ባይ ናቸው፤ ለዚሁም ብለው ለብዙ ዓመት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ሴት አያቴ ደግሞ፣ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» ይላሉ። እኔ የማንም ወገን ሳልሆን፣ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ይዤ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ፤ በመጨረሻ ግን ወገን መያዜ አልቀረም። ከዚህ በታች የማቀርበው የደረስሁበትን ሐሳብና ምክንያቱን ነው።

በመጀመሪያ፣ ቤትና የዓለም ሙቀት መጨመር ምን ያገናኛቸዋል? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ሰው ስለ ጢስ ሲያስብ ወደ አእምሮው የሚመጣው መኪናና ፋብሪካ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ከኀይል ፍጆታና ከፋብሪካ ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው ቤቶችንና ሕንፃዎችን ከመሥራት፣ ከማሞቅ፣ ከማቀዝቀዝና ከማብራት ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ትልቁ ድርሻ የማሞቂያው ነው። በዚያ ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ በጋዝ ወይም በነዳጅ ዘይት ይሞቃል፤ ሙቀቱም በጣራው፣ በግድግዳውና በመስኮቱ ሾልኮ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካትም እንደገና ይነዳል። በዚህ ምክንያት በእነዚያ አገሮች ያሉ ብዙ መሐንዲሶች አዲስ ከመሥራት ይልቅ የቆመውን ሕንፃ ወደ ማልበስ አዘንብለዋል።

ለምሳሌ ያህል በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘውን ኤምፓየር ስቴት ቢልዲንግ የተባለውን ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ። ይህ ሕንፃ የተመረቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ትልቅ የእድሳት ዕቅድ ይፋ ሆነ፤ ባለቤቶቹም 6,514 መስኮቶቹን አውልቀው አልጣሉም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ በ5ኛው ፎቅ ላይ ወርክሾፕ አቋቁመው፣ የእያንዳንዱን መስኮት ድርብ መስታወት ለያይተው፣ በመካከሉ ስስ ፊልም ወጥረው፣ ሙቀት በቀላሉ የማያሳልፍ ጋዝ ሞልተው መልሰው ገጠሙት። ከአሮጌው መስታወትና ክፈፍ ከመቶ 96 እጅ የሚሆነው እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። ከየማሞቂያው በስተጀርባም ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚመልስ የሚያብረቀርቅ ሉህ አደረጉ፤ ቀድሞ ከሙቀቱ ከፊሉ ግድግዳውን አልፎ መንገዱን ያሞቅ ነበርና። በእነዚህና በሌሎች ሥራዎች የሕንፃው የኀይል ፍጆታ ከመቶ 38 እጅ እንዲቀንስ ነበር የታቀደው። ያን የሚያህል ሕንፃ መስኮቱን አውልቆ፣ አድሶ፣ መልሶ ከገጠመ፣ እኛ አንድ በር ሲያጋድል ቤቱ ይፍረስ ማለታችን ይገርመኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ያሉት ሦስት ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው። የተሠሩት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሆን 530 መኖሪያ ቤቶች አሏቸው። አን ላካተንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል የተባሉት አርክቴክቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ነዋሪዎቹ ሳይፈናቀሉ፣ በየቤቱ ፊት 3.8 ሜትር ያህል ወደ ውጭ የሚወጣ ብርሃን የሚያስገባ ሰገነት ጨመሩላቸው። ሰገነቱ በብርድ ጊዜ የፀሐይን ሙቀት ይይዛል፤ በሙቀት ጊዜም ይከፈታል። ቫሳል በወጣትነታቸው በኒጀር አገር ሠርተዋል፤ በጥቂት ዕቃ ብዙ መሥራትን ያዩት በዚያ ነው ይባላል። ሁለቱ አርክቴክቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ፕሪትዝከር የተባለውን የሥነ ሕንፃ ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ይህን አንብቦ ነገሩን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም። እኛ ቤታችንን በጋዝ አናሞቅም። ከኤሌክትሪካችንም ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠንክሮታል። ስለዚህ አምፖል ብናጠፋ ለቆጣሪያችን ይጠቅም ይሆናል እንጂ የሚቀንሰው ካርቦን ጥቂት ነው። የእኛ ቤት ካርቦን የተደበቀው በሌላ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቤቱ በሚሠራበት ዕቃ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው በምድጃው ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ልግለጥ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲጋገር ነው። በኬሚስትሪ እንደተማርነው የኖራ ድንጋይ፣ ማለት ካልሲየም ካርቦኔት፣ በኀይል ሲሞቅ ለሁለት ይከፈላል፤ 100 ኪሎ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራና 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ምድጃውን ለማንደድ የሚቃጠለው የድንጋይ ከሰል ጢስ በላዩ ይጨመራል። በዚህ ዐይነት አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ልኮ ነው። በዓለም ላይ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 እጅ ያህሉ የሲሚንቶ ነው። ብረትም ከዚህ የባሰ ነው፤ አንድ ቶን ብረት ከማዕድኑ ቀልጦ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል።

ግንበኛው ለአባቴ ባወጡላቸው ግምት መሠረት አዲሱ ቤት 120 ኩንታል ሲሚንቶና 15 ኩንታል ፌሮ ይፈልጋል። አንድ ቀን ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ አሰላሁት። ሲሚንቶው ከ7 እስከ 11 ቶን የሚጠጋ፣ ፌሮው 3 ቶን፣ በድምሩ ከ10 እስከ 14 ቶን የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ማንም ሰው ገና ቤቱ ውስጥ ሳይተኛ ነው። አሮጌው ቤታችን ግን ማገሩና ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ከግቢው የተቆፈረ ጭቃ፣ ከጭቃውም ጋር የተቦካው የጤፍ ጭድ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና መስታወቱ ብቻ ነው፤ እነርሱም የተገዙት አባቴ ልጅ ሳሉ ነው።

አባቴ ስሌቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ካርቦን የሚሉት ነገር ከብርድ ያድናል?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤቱን ለማፍረስ የፈለጉት ለክብር ብለው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ቀን ስለሚያቃጥልና ሌሊት ስለሚበርድ ነው። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ የአያቴ ክፍል በጣም ይበርዳል፤ እሳቸውም ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለው ወደ መኝታቸው ያስገባሉ። እንግዲህ ሁለተኛው የካርቦን መደበቂያ ይህ ምድጃ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ሲነድ ሦስት ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አያቴ በየማታው አንድ ኪሎ ያህል ስለሚያነዱ በአራቱ የብርድ ወራት 360 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ከሰሉን ለማክሰል የተቆረጠውን እንጨት ሳንቆጥር ነው እንጂ፣ በተለመደው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይጠፋል። ሆኖም ይህን ከላይኛው ስሌት ጋር ያስተያዩት፤ አዲሱን ቤት ለመሥራት የሚወጣው ካርቦን አያቴ ከ28 እስከ 38 ዓመት ከሚያነዱት ከሰል ጋር ይተካከላል።

ከሰሉ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የከፋ ሌላ ነገር አለው። አየር በሚያንሰው ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰውየውም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። ፍሙ ጢስ ስለሌለው አይጎዳም የሚባለው ነገር ፈጽሞ እውነት አይደለም። ይህን የጻፍሁት ቤት ስለ ማደስ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ነው። ብርድ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ ከሰል ማስገባት ቤቱን ወደ መቃብር መለወጥ ነው። ስንጥቁ ከመደፈኑ በፊት ከሰሉ መውጣት አለበት፤ ከሰሉ እንዲወጣ ደግሞ ክፍሉ ያለ እሳት የሚሞቅበት መንገድ መገኘት አለበት።

መንገዱን ለማግኘት ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በግድግዳው ያመካኛል። የእኛ ቤት ግድግዳ ግን ወፍራም ጭቃ ነው፤ ቀን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሌሊትም ቀስ ብሎ ይመልሳል። ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ብረትም ሙቀትን ከረጋ አየር ይልቅ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል አሻግሮ ያሳልፋል። ቀን ፀሐይ ስትመታው፣ በተለይ ካረጀና ከዛገ በኋላ፣ እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን ከላይ ወደ ራሳችን ይረጨዋል። ሌሊት ደግሞ የተገላቢጦሹ ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የምንተነፍሰው እርጥበት ከሥሩ ተጠራቅሞ ጠዋት ጠብ ጠብ የሚለው ስለዚህ ነው። አያቴ ይህን የቤቱ ላብ ይሉታል። የጥንቱ የሣር ክዳን ይህ ጠባይ አልነበረውም፤ በሣሩ መካከል የተያዘው አየር ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ያግድ ነበር። ሰው የተወው ስለሚያፈስ፣ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ስላለበትና እሳት ስለሚፈራ ነው፤ ለዚህም አይወቀስም።

የረጋ አየር ያልሁትን ነገር ለመረዳት ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ ጋቢ ይበቃል። ጋቢ በራሱ ሙቀት የለውም። አራት ድርብ ስለሆነ ግን በድርቦቹ መካከልና በጥጡ ውስጥ አየር ይዞ ያስቀምጣል፤ ያ አየር መንቀሳቀስ ስለማይችል የሰውነታችንን ሙቀት አያስወጣም። ነጠላ ይህን ያህል የማያሞቀው ድርቡ ስለሚያንስ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች በጣራና በግድግዳ ውስጥ የሚያስገቡት ሱፍና ፎም ሁሉ ሥራው የጋቢ ሥራ ነው። እኔም ለአባቴ የነገርኋቸው ቤቱ የሚፈልገው መፍረስ ሳይሆን በራሱ ላይ ጋቢ መልበስ መሆኑን ነው።

ነገሩን በቃል ብቻ እንዳይቀር በመምህራችን ፈቃድ ከላቦራቶሪ ሁለት ቴርሞሜትር ተውሼ በጥር ወር አንድ ቀን ለካሁ። ሳሎናችን ከጥቂት ዓመታት በፊት የችፑድ ኮርኒስ ተሠርቶለታል፤ የአያቴ ክፍል ግን ቆርቆሮው ከነማገሩ ይታያል። ከቀኑ በ8 ሰዓት በአያቴ ክፍል 31፣ በሳሎኑ 26 ዲግሪ ነበር። ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥቼ ስመለከት ደግሞ የአያቴ ክፍል 11፣ ሳሎኑ 15 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። የአንድ ቀን ልኬት ለቤት ሁሉ መለኪያ አይሆንም፤ መስኮቶቹም እኩል አይደሉም። ነገር ግን አባቴ ራሳቸው ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ ስለ ኮርኒስ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።

በፋሲካ ሰሞን የአያቴን ክፍል ሠራን። አስቀድመን ጣራውን አየን፤ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ መሥራት ገንዘብ መጣል ነውና። ሁለት የተበሳ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ አሸንዳው ተጠገነ፤ ከግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይቆም ቦይ ተቆፈረ። ጭቃ ቤትን የሚገድለው እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው። ቀጥሎ አናጢው የምሰሶዎቹን ግርጌ በቢላዋ እየወጋ ምስጥ መብላት አለመብላቱን መረመረ፤ ከዘጠኙ ሁለቱ ተበልተው ስለ ነበር ጫፋቸው ተቆርጦ በድንጋይ ላይ ቆሙ። የኤሌክትሪኩንም ሽቦ አሮጌውን አውጥተን በቱቦ ውስጥ አስገባን። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ችፑዱ የተመታው።

ከችፑዱ በላይ የሚነጠፈውን በተመለከተ ብዙ ተከራከርን። ፎም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እሳት ሲይዘው የሚያወጣው ጢስ መርዘኛ ነው። ደረቅ ጭድ በነጻ ይገኛል፤ እርሱም ለእሳትና ለአይጥ ይመቻል። በመጨረሻ መፍትሔውን የሰጡት አያቴ ናቸው። የመንዝ ሰው በመሆናቸው ባና የሚሠራበትን የበግ ጠጉር ከዘመድ አስመጡ። የበግ ጠጉር በቀላሉ እሳት አይቀጣጠልበትም፤ እርጥበትም ቢጠጣ መልሶ ይለቃል። አጥበን በፀሐይ አደረቅነው፤ አያቴና እናቴ አባዘቱት፤ ብል እንዳይበላው ተብሎ በወይራ ታጠነ፤ ከዚያም በአቡጀዴ ከረጢት ተሞልቶ አንድ ጋት ያህል ውፍረት ባለው ንጣፍ ተደረደረ። ወጪው በሙሉ አባቴ ለአዲሱ ቤት መሠረት ቁፋሮ ብቻ ከመደቡት ገንዘብ ያንሳል። ቤታችንም ለሦስት ቀን በግ በግ ሲሸት ሰነበተ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባትስ አይበቃም ወይ? ብለው የጠየቁኝ ነበሩ። ነጭ ጣራ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚልክ ቀን ቤቱን ያቀዘቅዛል። ለድሬዳዋና ለሰመራ እጅግ የሚጠቅም ነገር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የሌሊቱ ብርድ ከቀኑ ሙቀት ይብስብናል፤ ቀለም ደግሞ ለሌሊቱ ምንም አያደርግም። ኮርኒሱ ከነንጣፉ ለሁለቱም ይሆናል። መስኮትን በሚመለከት ደግሞ ፀሐይን ማወቅ ይጠቅማል። አገራችን ከምድር ወገብ በላይ ብትሆንም ቅርብ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ በስተ ደቡብ፣ በሰኔ ቀትር በስተ ሰሜን ትሆናለች። ስለዚህ በብርዱ ወራት የደቡቡን መስኮት ቀን ከፍቶ ማታ በመዝጊያና በወፍራም መጋረጃ መዝጋት ያለ ወጪ የሚገኝ ሙቀት ነው። በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ግን ከሰዓት በኋላ ስለሚያቃጥል በረንዳ ወይም ዛፍ ያስፈልገዋል። የድሮ የአዲስ አበባ ቤቶች ሰፊ የእንጨት በረንዳ የነበራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን በየጎዳናው የሚሠሩት ከእግር እስከ ራሳቸው መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች፣ አየሯ ያለ ማቀዝቀዣ በሚያኖር ከተማ ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚፈልጉ መሆናቸውን ሳይ፣ ገንዘብ ከፍሎ ችግር መግዛት ይመስለኛል።

አባቴ ካነሡት ተቃውሞ ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነው። ከተማው ሰው እየበዛበት ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ብዙ ሰው አይዝም፤ አንድ ቀን ልጆች አግብተው ክፍል ሲፈልጉ ምን ይደረጋል? ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የለኝም። ግድግዳው የዘመመ፣ ምሰሶው ሁሉ ከግርጌው የበሰበሰ ቤትም መፍረስ ይገባዋል፤ በውስጡ ያለ ሰው ከካርቦን ይበልጣልና። እኔ የምለው መፍረስ የመጀመሪያ ሐሳብ መሆን የለበትም ነው። በከተማችን የታወቀ ምሳሌ አለ። የአፍሪካ አዳራሽ አርቱሮ ሜዜዲሚ በተባሉ ኢጣልያዊ አርክቴክት ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያ ነው። ሕንፃው ባረጀ ጊዜ አልፈረሰም። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሮ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት በቦታው እንዳለ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታድሶ ተከፈተ። የእኛ ቤት ታሪክ እንደዚያ አይደለም፤ ምሰሶውን የሚያጠነክረው አሠራር ግን ለሁለቱም ያው ነው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ጓደኞቼ ይህ እኛን አይመለከትም እንዳይሉ አንድ ቃል ልጨምር። በመጨረሻው ፎቅ ላይ ቆርቆሮው ከራሱ በላይ ያለበት ቤት ችግሩ ከእኛው አንድ ነው፤ መድኀኒቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከጎረቤት ጋር መስማማት ማስፈለጉ ነው። ወጥ ቤት ላላቸው ሁሉ ደግሞ ምጣዱ አለ። በእንጨት ለሚጋግሩ ምርት የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ የጢስ መውጫ ከተጨመረለት ለጋጋሪዋ ዐይንም ዕረፍት ነው።

አሁን ስለ ትምህርት ቤታችን። ከክፍሎቻችን የሚበዙት ኮርኒስ የላቸውም። ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ግማሻችን የምናንቀላፋው ስለ ስንፍናችን ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው እየጮኸ የመምህሩ ቃል ስለማይሰማ ሁላችን ዝም ብለን ሰማዩ እስኪያባራ እንጠብቃለን። በዘንድሮው የግንቦት ዝናብ ብቻ የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችን ሦስት ጊዜ በዚህ ምክንያት ተቋርጧል፤ እኛም የመልቀቂያ ፈተና የሚጠብቀን ተማሪዎች ነን። ሙቀት የሚያግደው ንጣፍ ድምፅንም ያግዳል፤ አንድ ሥራ ሦስት ጥቅም ይሰጣል ማለት ነው። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ መሥራት አይቻልም። ለሁለት ክፍል ብቻ፣ እርሱም ለታናናሾቻችን ክፍል ቢጀመር፣ ወላጆች ዋጋውንና ጥቅሙን በዐይናቸው ሊያዩ ይችላሉ። አናጢነት የሚያውቁ አባቶች በመካከላችን አሉ፤ ጠጉርም የሚያባዝቱ እናቶች አይጠፉም።

ከዚያ በፊት መሠራት ያለበትን ግን እኛው ተማሪዎች ልንጀምረው እንችላለን። የሰኔ ፈተና ሳያልቅ ዝናቡ ይበረታል። በየክፍሉ የሚያፈስበትን ቦታ፣ ጠብታው ከወለሉ ላይ በሚያርፍበት ልክ፣ ወለሉ ሲደርቅ በጠመኔ ክብ አድርገን ምልክት ብናደርግና በወረቀት ላይ ብንነድፈው፣ በመስከረም ቆርቆሮ ጠጋኙ ሲመጣ መሰላሉን የት እንደሚያቆም ያውቃል።